ከአንድ ሰው ብቻ የተወሰደ ፊት

ደም ግፊቴን ልለካ መካኒሳ አቦ አካባቢ ወዳለች አንዲት አነስተኛ ክሊኒክ የሄድኩት ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ሚያዝያ 1991። ተራ የያዝን ሰዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረናል። ፊት ለፊታችን ግድግዳው ላይ ያቺ ፖስተር አለች። እዚያ ክሊኒክ የሚመላለስ ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ ዓይኗ በመግል የተጣበቀ፣ ዝንብ የሰፈረባት፣ ፊቷ ጥላሸት የነካው የሚመስል የስምንት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ከሥሯ «ፊታችንን እንታጠብ፤ የዓይን ማዝን እንከላከል» ይላል። እኔ ስመጣ ሁልጊዜ ጀርባዬን የምሰጣትን ቦታ ነበር የምሻማው። የዚያን ዕለት አርፍጄ ስለደረስኩ የተረፈኝ ቦታ ልክ ከፊቷ ሆነ። ዓይኔን ወለሉ ላይ፣ የሰው ጫማ ላይ፣ የራሴው ቦርሳ ላይ ባንከራትተው ተመልሶ እሷው ላይ ያርፋል።

አንድ ቀጠን ያለ ወጣት ገባ። በአንድ እጁ የቲማቲም ጣሳ፣ በብብቱ ሥር የካርቶን ማኅደር ይዟል። ካርድ አልጠየቀም፤ ተራም አልያዘም። ቀጥ ብሎ ፖስተሯ ፊት ሄዶ ቆመና የበሰበሰ ነገር እንደሸተተው ሰው አፍንጫውን ሰብስቦ «ኤጭ!» አለ።

«አይዞህ፣ ሁላችንንም ነው የምታስጠላን» አልኩት። እኔ እንደሆንኩ ሰው አጠገቤ ቆሞ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

ዞር ብሎ አየኝ። «እትዬ፣ እርስዎን ብታስጠላዎ አይፈረድብዎትም። የሳልኳት እኔ ነኝ።»

አግዳሚው ላይ ያለው ሰው በሙሉ ቀና አለ። ከጎኔ ሲያስሉ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ሳላቸውን አቋርጠው፣ «አንተ ነህ እንዴ! እኔ እኮ ቁርሴን በልቼ መጥቼ አንድም ቀን በሰላም አልፌያት አላውቅም። ምን አድርጋህ ነው ልጄ እንዲህ የተጫወትክባት?» አሉት።

«ምንም አላደረገችኝም፣ አባባ» አለ። «የሚያናድደኝም እሱ ነው።»

ማኅደሩን ከፈተና የመዳፍ ስፋት ያለው ክብ ወረቀት አወጣ። ወረቀቱ ላይ የሌላ ልጅ ፊት ተስሏል። ጣሳው ውስጥ ያለው ደግሞ የዱቄት ሙጫ ነው። ገና ጣቱን ከመንከሩ ነርሷ ሲስተር ፀሐይወርቅ ከውስጥ ብቅ አለች።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ፊቷን ብቻ ነው የምሸፍነው፣ ሲስተር። ሌላ ምንም አልነካም።»

«ያለ ደብዳቤ ግድግዳዬ ላይ ያለ ነገር አይነካም! ዛሬ ፊት ልለጥፍ ትላለህ፣ ነገ የቢራ ማስታወቂያ ይዘህ ትመጣለህ። በል ቁጭ በል፤ ካላመመህም መንገዱ ያው።» የሚቀጥለውን ተራ ጠርታ ገባች።

ልጁ ጣሳውን እንደያዘ መሀል ቤት ቀረ። አሳዘነኝ። ሽማግሌውን ገፋ አድርጌ ቦታ ለቀቅኩለት። «ና ተቀመጥ የኔ ልጅ። እሷ ስትገባ ስትወጣ ይበርድላታል። እስከዚያው ይሄ ምን ጉድ እንደሆነ ንገረኝ።»

ስሙ ሞልቱ ደገፋ ነው፤ ዕድሜው ሃያ ስድስት። የላፍቶ ልጅ ነው፤ አያቱ ባረሱት መሬት ላይ፣ አባቱ ዛሬም ላም በሚያልቡበት ግቢ ውስጥ ነው ያደገው። ከአንዲት እህቱና ሴና ከምትባል የእህቱ ልጅ ጋር እዚያው ይኖራል። ከልጅነቱ ጀምሮ በከሰል የበረቱን ግድግዳ ሲያጠቁር ነው የኖረው። ጎርመስ ሲል ለሥጋ ቤቶች በሬ፣ ለፀጉር ቤቶች ጭንቅላት መሣል ጀመረ። ከሁለት ዓመት በፊት ብስራተ ገብርኤል አካባቢ አንድ ማተሚያ ቤት ተቀጠረ። ባለቤቱ አቶ ከበበው ይባላል። የሰርግ ካርድ፣ ካላንደር፣ አልፎ አልፎ ደግሞ የጤና ማስተማሪያ ፖስተር ያትማል። ፖስተሮቹን የሚሥሉት ጋሽ ወጋየሁ የሚባሉ፣ ሃምሳውን ያለፉ ዝምተኛ ሰው ናቸው።

«የእሳቸውን ሥዕል እርስዎም ያውቁታል» አለኝ ሞልቱ። «አጠር ደልደል ያሉ ሰዎች፤ አንገት የላቸውም ማለት ይቻላል። እጃቸው ከመጠኑ ተለቅ ይላል። ዓይናቸው እንደ ስንዴ ፍሬ። ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ የሚለው ላይ…»

«ያቺ እጀ ትልቋ ሴትዮ? የቀበሌያችን በር ላይ ያለችው? ውይ፣ አክስቴን እኮ ነው የምትመስለኝ!»

«ሁሉም ሰው አክስቴን ነው የሚለው» አለና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ፈገግታው ግን አልቆየም።

አቶ ከበበው አንድ ቀን ጠርቶት፣ «የወጋየሁን እጅ ተማር። አንድ ወጋየሁ አልበቃኝም» አለው። ሞልቱ ደስ አለው። በሁለት ሳምንት የሚጨርሰው መስሎት ነበር። ጋሽ ወጋየሁ ግን የመጀመሪያውን ወር በሙሉ ጆሮ ብቻ አሣሉት።

«ጆሮ?»

«ጆሮ! ‹ሰው ሲስቅም ሲያለቅስም የማይንቀሳቀስ ጆሮው ነው፤ ከሱ ጀምር፤ ሌላው በሱ ልክ ይቀመጣል› አሉኝ። ጠዋት ጆሮ፣ ከሰዓት ጆሮ። ማታ እህቴ ምን ሥራ ዋልክ ስትለኝ ጆሮ ማለት አፈርኩ። በሁለተኛው ወር እጅ ገባሁ። ብዕሩን ከወረቀቱ ሳላነሳ አምስቱንም ጣት በአንድ መስመር መጨረስ። መስመሩ ብርሃን ባለበት በኩል ይቀጥናል፤ ብርሃን በሌለበት በኩል ይወፍራል። በሦስተኛው ወር ፊት ተፈቀደልኝ። ያን ጊዜ ታዲያ ወረቀት አስይዘው መካኒሳ ታክሲ መያዣው ላይ አቆሙኝ።»

«ለምን?»

«አፍንጫ ልለቅም። የሳቸው ሰዎች እንዴት እንደሚሠሩ ያውቃሉ? አንድ ፊት ከሦስት ሰው ነው የሚሰበሰበው። አፍንጫ ከታክሲ ተራ፣ አፍ ከአትክልት ገበያ፣ ግንባር ከአቦ ደጅ። አንድ ሰው ሙሉ በሙሉ አይወሰድም። አይሆንም ይላሉ። ‹ለምን?› ስላቸው ‹እንዲህ ነው የሚሠራው› አሉኝ። ሌላ ቃል የለም። እኔም የአሠራር ወግ ነው ብዬ ተቀበልኩ፤ እንደ ጆሮው፣ እንደ ጣቱ። ምክንያት ይኖረዋል ብዬ አላሰብኩም።»

ሽማግሌው ሳላቸውን ይዘው ወደኛ ተጠግተዋል። ማዶ የተቀመጠች አንዲት ነፍሰ ጡር ሴትም ጆሮዋን ጥላለች።

ከመስመሩ በኋላ ጥላው መጣ። ማተሚያ ቤቱ አንድ ኮምፒውተር ገዝቶ ነበር፤ የራሱ ክፍል፣ የራሱ ጥልፍ ያለበት ልብስ ነበረው። አቧራ እንዳይገባ ተብሎ ጫማ ተወልቆ ነው የሚገባው። «መስኮቱም በአቧራው ምክንያት አይከፈትም» አለ ሞልቱ። «እስቲ ያስቡት። ጠባብ ክፍል፣ የአራት ሰው ካልሲ፣ የሚግል ማሽን። መጀመሪያ ቀን አቅለሽልሾኝ ወጣሁ። አቶ ከበበው ደግሞ ክትፎውን በልቶ ይመጣና ቅቤ በነካው ጣቱ ስክሪኑን ‹እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ› እያለ ይጠቁማል። የሴትየዋ ጉንጭ ላይ የቅቤ አሻራ ይቀራል። በሸሚዜ እጅጌ እየጠረግኩ ነው የምሠራው።»

ጋሽ ወጋየሁ ግን በዚያ ክፍል ውስጥ፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ማውዙን እንደ ብዕር ለምደውት ነበር። በብዕር የተሣለውን በስካነር ያስገባሉ። ከዚያ መስመሩ ሳይነካ ከበላዩ ሌላ ንብርብር ይከፍታሉ፤ ልክ ሥዕል ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ እንደማልበስ ነው። ጥላው የሚወድቀው ላስቲኩ ላይ ነው። ቢበላሽ ላስቲኩ ይጣላል፤ ሥዕሉ ይተርፋል። ከመጀመራቸው በፊት ጮክ ብለው «ብርሃኑ ከግራ መስኮት ነው» ይላሉ፤ ሞልቱም እንዲል ያደርጉታል። ከዚያ ሦስት ዓይነት ግራጫ ብቻ ይጠቀማሉ፤ በመቶኛ አሥር፣ ሠላሳ፣ ስልሳ። ቀጭኗ፣ መካከለኛዋና ወፍራሟ ይሏቸዋል። ዳር ዳራቸው በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል፤ አንዱ ወደ ሌላው አይፈስም።

«ኮምፒውተሩ እኮ በመቶዎች የሚቆጠር ግራጫ አለው፣ እትዬ! ሲፈልጉ እንደ ጉም የሚበተን፣ እንደ ጢስ የሚሳሳ ጥላ ይሠራል። እሳቸው ግን ሦስት። ‹ይሄ ማሽን የሚያሳይህን ሁሉ ያ ማሽን አይችለውም› ይሉኛል፤ ማተሚያውን ማለታቸው ነው። ‹በርካሽ ወረቀት ላይ ቀለም ይሰፋል፤ ያለሰለስከው ሁሉ ደፍኖ ይጠቁራል።› በሆዴ ሽማግሌ ናቸው፣ ፈርተው ነው እል ነበር።»

ዘንድሮ የካቲት ላይ ጋሽ ወጋየሁ ለእናታቸው ሙት ዓመት ደብረ ብርሃን ሄዱ። አሥር ቀን ይቆያሉ። በሄዱ በማግሥቱ አቶ ከበበው እየሮጠ መጣ፤ የዓይን ማዝ ፖስተር ታዟል፣ በአራት ቀን ይድረስ።

እዚህ ጋ ሞልቱ ጣሳውን መሬት አስቀመጠና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገው።

«አፍንጫ ለመልቀም ታክሲ ተራ የምቆምበት ጊዜ አልነበረኝም። ኪሴ ውስጥ ፎቶ ነበረች። ሴና፣ የእህቴ ልጅ። የገና ዕለት የተነሳችው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዓይኗ ጥርት ያለ፣ ታማ አታውቅም። ፎቶውን በስካነር አስገባሁና መስመሩን በላዩ ሠራሁት። የጋሽ ወጋየሁ እጅ ነው፣ ማንም አይለየውም፤ አጭር አንገት፣ ስንዴ ዓይን፣ ሁሉም። ግን ጥርሷ መሀል ያለችው ፍንጭት ደስ አለችኝ፤ አልነካኋትም። እህቴ የሠራቻት ሹሩባም አማረኝ፤ እንዳለ ተውኩት።»

«ከዚያ በሽታውን ቀባህባት» አልኩት።

«ከዚያ በሽታውን ቀባሁባት።» አንገቱን ደፋ። «መግል እንዴት እንደሚያብለጨልጭ ያውቃሉ?»

«አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም!»

«ዳሩ ጠቆር ይላል፣ መሀሉ ይፈዛል፣ ጫፉ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ። ያቺ ነጥብ ስትቀመጥ እርጥብ ይሆናል። ስክሪኑ ላይ ሲረጥብ ሳየው በራሴ ተደነቅኩ። ምሳዬን ትቼ ነው የሠራሁት። ያንን የሚፈሰውን፣ የሚሳሳውን ጥላ ሁሉ ጉንጯ ላይ፣ ከንፈሯ በላይ፣ ዓይኗ ሥር አፈሰስኩት። አንድ ዝንብ ሣልኩ። ጋሽ ወጋየሁ ቢሆኑ ሁለት ዝንብ ይበቃል ነው የሚሉት። ኮምፒውተሩ ግን አንዱን ዝንብ የፈለጉትን ያህል ያባዛዋል። አቶ ከበበው ከኋላዬ ቆሞ ‹ጨምርበት እንጂ! ዝንብ አይገዛ!› ይለኛል። አርባ አንድ ዝንብ። አንዷ ከንፈሯ ላይ።»

ነፍሰ ጡሯ ሴት አፏን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ደጅ ወጣች። ሽማግሌው «እሰይ!» አሉ፤ ለማን እንዳሉ አልገባኝም።

ታተመ። የታተመውን ሲያየው ሞልቱ ደነገጠ። ያ የሚፈስ ጥላ ሁሉ ርካሹ ወረቀት ላይ ተደፍኖ ጥቀርሻ ሆኗል፤ ከንፈሯ በላይ ያለው ጢም መስሏል። እስከ ጥርሷ ድረስ የቆሸሸች ትመስላለች። «ይታጠብ የምንለውን ፊት እኛው አቆሸሽነው። ይቃጠል አልኩ። አቶ ከበበው ግን ደስታውን አልቻለም። ‹ሰው ካልቀፈፈው አይታጠብም! ይሄ ነው የሚፈለገው!› አለና ሦስት ሺውን በተነው። ያዘዙትም ወደዱለት።»

ያኔም ቢሆን ሞልቱን ያሳፈረው የጥላው መበላሸት ብቻ ነበር። ሴናን አላሰባትም። ለሁለት ቀን ስክሪን ላይ አፍጥጦ የሠራት ልጅ የማን ልጅ እንደሆነች እንኳ ረስቶ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ የጤና አስተማሪ ላፍቶ፣ ሴና የምትማርበት ትምህርት ቤት ሄደ። ሦስተኛ ክፍል ገባ። ፖስተሩን ከጥቅሉ ፈትቶ ሰሌዳው ላይ ሰቀለው። «ልጆች፣ ይህቺ ልጅ ምን ሆና ነው?» ብሎ ጠየቀ። አርባ ልጅ በአንድ ጊዜ ዞሮ አራተኛው ዴስክ ላይ የተቀመጠችውን ሴናን አየ። ከዚያ አንዱ ከኋላ «ዝንቢት!» አለ።

«በቃ» አለኝ ሞልቱ። «ስሟ እሱ ሆነ። ዴስክ የምትጋራት ልጅ ደብተሯን ይዛ ተነሳች። በእረፍት ሰዓት ቧንቧው ጋ እሷ ከጠጣች በኋላ የሚጠጣ ጠፋ። ቤት ስትመጣ ለማንም ምንም አልተናገረችም። ጓሮ ሄዳ በልብስ ሳሙና ፊቷን ታጠበች። ደግማ ታጠበች። ዓይኗን ከፍታ በሳሙናው አሸችው። ጠዋት ዓይኗ ደም መስሎ፣ እንባዋ እየወረደ ትምህርት ቤት ሄደች። ልጆቹ ምን ይበሉ? ‹ይኸው! ሥዕሉ እውነቱን ነው!› አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልሄደችም። ይኸው አምስት ሳምንቷ።»

«ውይ በሞትኩት!»

«እህቴ ፖስተሩን ልታይ ሄደች። ስትመለስ እራት አቀረበችልኝ። ሳህኑን ፊቴ አስቀምጣ ‹ብላ› አለችና፣ እኔ ስቆርስ እያየችኝ ምራቋን ዋጠች። እትዬ፣ ሰው ሲጸየፍዎት አይተው ያውቃሉ? እህትዎ? ትስደበኝ፣ ትምታኝ ብዬ ጠበቅኩ። ምንም። ዝም ብላ እንደዚያች ፖስተር ነው ያየችኝ። ሴናም ድሮ ‹ኤሱማ› ነበር የምትለኝ፤ በኦሮምኛ የእናት ወንድም ማለት ነው። አሁን ስሜን አትጠራም። ስገባ ፊቷን በሻርፕ ትሸፍናለች። እንደገና እንዳልሥላት።»

ሽማግሌው ወደ ልጁ ዘንበል አሉ። «ታዲያ ያ መምህርህ ሲመለሱ ምን አሉ?» ብለው ጠየቁ።

ጋሽ ወጋየሁ ከደብረ ብርሃን ተመልሰው፣ ጫማቸውን አውልቀው ወደ ኮምፒውተሩ ክፍል ገብተው ነው ፖስተሩን ያዩት። ለረጅም ጊዜ አዩት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«‹የማን ልጅ ናት?› አሉኝ። ‹የእህቴ› አልኳቸው። ‹እኔ ማጥላት ነበር ያስተማርኩህ። አንተ ማስጠላት ተማርክ› አሉኝ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ምክንያቱን ነገሩኝ። ወጣት ሳሉ ስለ ስካር የሚያስተምር ሥዕል ታዝዘው ጎረቤታቸውን ሣሉት። የሚያውቁትን አንድ ሰው፣ እንዳለ። ሥዕሉ የቀበሌው አዳራሽ ላይ ተሰቀለ። ሰውየው ያን ዓመት መጠጥ ትቶ ነበር። ትቶ ነበር! ሥዕሉን ሲያይ ሰፈሩን ለቆ ሄደ። ልጆቹንም ይዞ። ‹ከዚያ ወዲህ ከሦስት ሰው እወስዳለሁ፤ ማንም የኔ ነው ብሎ እንዳይሸከመው› አሉኝ። ይህንን ያኔ ታክሲ ተራ ላይ ቆሜ ሳለሁ ነግረውኝ ቢሆን! ሦስት ወር ሙሉ እጃቸውን ስማር ይቺን አንዷን ዋጧት። ያፍሩባት ነበር መሰለኝ።»

አቶ ከበበው ፖስተሩን መልሶ ለመሰብሰብ እሺ አላለም። ሞልቱና ጋሽ ወጋየሁ ግን አንድ ዘዴ አገኙ። አዲስ ፊት ሠሩ፤ በጆሮ ተጀምሮ፣ በሦስት ግራጫ ብቻ ጥላው ወድቆ። ግንባሩን ከመካኒሳ፣ አፍንጫውን ከቄራ፣ አፉን ጋሽ ወጋየሁ ደብረ ብርሃን ካዩት ልጅ አመጡት። ዓይኑ ቀልቷል፣ ጨፈን ብሏል፤ አሞታል እንጂ አያስጠላም። አንድ ዝንብ ብቻ ጆሮው አጠገብ አለች። ማተሚያው የሰርግ ካርድ ሲያትም ተቆርጦ የሚጣል የወረቀት ጠርዝ አለ። ማሽኑ ላይ የሚሠራው ልጅ አዲሱን ፊት እዚያ ጠርዝ ላይ አሰልፎ አተመላቸው። ስለዚህ ወረቀቱ ወፍራም፣ ክሬም የመሰለ ነው፤ በአንዱ ጀርባ ላይ የወርቅ ቀለበት ግማሹ ይታያል።

«ወደ ክፍለ ሀገር የሄደው ሄዷል። እዚያ ሴናን የሚያውቃት የለም። እዚህ አካባቢ ግን አሥራ ሰባት ቦታ ተሰቅሏል። ሥራ በማልገባበት ቀን ጣሳዬን ይዤ እዞራለሁ። ይሄ አሥራ ስድስተኛው ነው።»

ይኼኔ ሲስተር ፀሐይወርቅ ወጣች። ካርዱን ይዛ ስም ልትጠራ አፏን ስትከፍት ሽማግሌው ቀደሟት።

«ሲስተር፣ ፊቷ ይሸፈንልን! እኔ ለሳል መጥቼ ማስመለስ ይዞኝ ልሄድ ነው።»

«ደብዳቤ አልኩ እኮ…»

«ደብዳቤውን እኔ እጽፍልሻለሁ» አልኳት። «እንደምታውቂው በቢሮ ጸሐፊነት ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። አሁን ግን ልጁ ይለጥፍ። ያቺ ፊት የአንዲት ጤነኛ ልጅ ናት፤ በሷ ምክንያት ከትምህርት ቤት ቀርታለች።» ነገሩን ባጭሩ ነገርኳት።

ሲስተር ፖስተሯን አየቻት፣ ከዚያ ሞልቱን አየችው። ካርዱን ጠቅልላ መዳፏን መታ መታ አደረገች። «መጀመሪያ መርፌ ክፍል ነበር የሰቀልኳት» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሕፃናቱ መርፌውን ሳያዩ እሷን አይተው ሲያለቅሱ ነው ወደዚህ ያወጣኋት። በል ቶሎ በል። ጽሑፉን እንዳትነካ። ሙጫ ወለሌ ላይ ጠብ ካለ ደግሞ በምላስህ ነው የምታነሳው!»

ጣሳውን ያዝኩለት። በጣቱ ሙጫውን በወረቀቱ ጀርባ ላይ በስሱ አዳረሰና የአዲሷን ጆሮ በድሮዋ ጆሮ ልክ አስቀመጠው። ከጆሮው ጀምሮ በመዳፉ እያሻሸ ወረደ። ዝንቦቹ ገቡ፣ መግሉ ገባ፣ ፍንጭቷ ገባች። ከዳር ያመለጡ ሦስት አራት ዝንቦች ቀሩ፤ በጥፍሩ ፋቃቸው። ሽማግሌው አጠገቧ ሄደው ዓይናቸውን አጥብበው አዩዋት። «ይህቺማ የወንድሜን ልጅ… አይ፣ አይደለችም። ማን ነበረች? ማንን ነው የምትመስለው?» እያሉ ቆዩ። ነፍሰ ጡሯ ሴት ተመልሳ ገባችና ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

ደም ግፊቴን ተለክቼ ስወጣ ሞልቱ በር ላይ እጁን እየታጠበ ነበር። እስከ ታክሲው ድረስ አብረን ሄድን። እግረ መንገዴን መሣሉን ትቀጥላለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። እንጃ አለ። ማውዙን ሲይዝ አሁንም ያ እርጥብ ነገር ጣቱ ላይ ያለ እየመሰለው በቀን አሥር ጊዜ ይታጠባል። የራሱ እጅ እንደሚያስጠላው ነገረኝ፤ በተለይ ጎበዝ የሆነበት ጣቱ።

«አሥራ ሰባተኛውስ የት ነው?» አልኩት።

«የሴና ክፍል። ዳይሬክተሩ ሰኞ ጠዋት ከሰልፍ በፊት ና ብለውኛል።»

«እሷስ?»

የላፍቶ ታክሲ መጣ። ረዳቱ «ላፍቶ፣ ላፍቶ፣ አንድ ሰው!» እያለ ይጮሃል። ሞልቱ አንድ እግሩን አስገብቶ ጣሳውን በደረቱ ይዞ ወደኔ ዞረ።

«ትናንት በእናቷ በኩል ላከችብኝ» አለኝ። «‹እኔም እሄዳለሁ፤ እሱ ሲለጥፍ በሩ ጋ ቆሜ አያለሁ። እኔን ካልመሰለች እገባለሁ፤ ከመሰለች ቤቴ ነው› ብላለች። እስቲ ይፍረዱ እትዬ፤ ዕድሜዬን በሙሉ አስመስልልኝ እያልኩ ስጸልይ ኖሬ፣ ለሰኞ ደግሞ አደራ እንዳትመስል እያልኩ ነው የማድረው።»